ግንባርህን አልነካም

ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሚሽኮ፣ ያንተ አይደለም፤
ይህን ስናገረው ሰው ቢስቅ ግድ የለም።

እናትህ ስትሞት በመጋቢት ሌሊት፣
በረዶው ዘግቶት የትሬንታን መሬት፣
ከጋጣ አንሥቼ አስገባሁህ ቤት።
ቪንኮ ከተቀበረ ሁለት ወር ሆኖታል፤
ሹራቡ እንዳለ ነው፣ እሱን ይሸታል።
በዚያው ጠቀለልሁህ።

ጡጦ ስትጠባ፣ ጠብታ በጠብታ፣
ጅራትህ ሲርገበገብ ጠዋትና ማታ፣
ወጥ ቤቱ ድምፅ አገኘ።
አንድ ቀን ጉልበቴን በግንባርህ ገፋ አረግኸኝ፤
መዳፌን ዘርግቼ እኔም ገፋ አረግሁህ፤ ሳቅ ያዘኝ።
ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

ሦስት ኪሎ ነበር መላው ሰውነትህ፤
ለመዳፌ ልክ ነበር ያኔ ግንባርህ።
ሕፃን ነው እያልሁኝ በቀን አሥር ጊዜ፣
ገፋ፣ መለስ፣ ገፋ፤ ተረሳኝ ትካዜ።

ዛሬ ሰባ ኪሎ ሙክት ሆነሃል፤
ቀንድህ ወደ ኋላ እንደ ማጭድ ዞሯል።
ጨዋታው ያው ነው፤
መዳፌ ነው ያነሰው።

ፖስተኛውን ግሬጎርን ከነብስክሌቱ ቦይ ከተትኸው፤
የጡረታ ደብዳቤዬን ከጭቃ አነሣሁት፣ ጫፉን በልተኸው።
ሳቅሁ።

ቅዳሜ ኔዣ መጣች እንቁላል ልትወስድ፤
ስምንት ዓመቷ ናት። በሩን አልፋ ስትራመድ
ከጀርባ መታሃት።
ከእንቁላሉ ቀድሞ
የጉልበቷን ድምፅ ሰማሁት።
እናቷ አልጮኸችም፤ ቁስሉን አጠበች፤
«ወይ ሥጋ ቤት፣ ወይ ገመድ፤ ምረጪ» ብላኝ ሄደች።

በማግሥቱ በዱላ መታሁህ፤ እውነት ነው።
በሁለት እግር ቆመህ፣ አንገት ሰብቀህ፣ ዱላውን ጠበቅኸው፤
እንዴት ደስ እንዳለህ!
ለካ ዱላ ማለት ሌላ ቀንድ ነው ላንተ፤ ጨዋታ መሰለህ።

ሎቭሮ ከላይ ግጦሽ ወረደ፣ አይብ አይብ ይሸታል፤
አርባ ዓመት ከፍየል ጋር ኖሮ፣ ንግግር ቸግሮታል።
አንተን አላየህም። እኔን ነው ያየኝ።
«እስቲ፣ ዝደንካ፣ ሰላም በዪው» ብሎ አዘዘኝ።
እጄ ሳላዘው ሄደ፣ ግንባርህ ላይ አረፈ።
«ይኸው» አለ ሎቭሮ፣ ፒፓውን እያራገፈ።
እኔ ስለ ቀንድህ፣ ስለ ዘርህ፣ ስለ ክፋትህ ሳወራ፣
ፍየል ወዲህ፣ ቅዝምዝም ወዲያ ነበር ለካ።

ከዚያ ጥቂት ቃላት፣ እንደ ጨው ቆንጥሮ፦
ግንባሩን አትንኪ። ቀንዱን አትያዢ።
አንገቱን፣ ጎኑን እከኪው።
ሲመጣ አትሽሺ፣ አትግፊው፤ ቁሚ።
ከገፋሽ የፊት እግሩን አንሺ፣ በሦስቱ ይቁም፤
ሲተነፍስ ልቀቂውና ሂጂ፤ ንግግር አያስፈልግም።
የኪስ ዳቦም ይብቃ።

አንድ ሳምንት ሞከርሁ።
ጭኔ ላይ ካርታ ሣልህ፣ በወይን ጠጅ ቀለም።
እግርህን ስይዘው እጄ ይንቀጠቀጣል፤
አንተ ትታገላለህ፤ ደመናው ያልፋል፤
ቆይቶ ትንፋሽህ ረዘም ይላል፣
ጆሮህ ይወርዳል።

ቀጥሎ ሎቭሮ ብሪናን አመጣት፤
አሮጊት፣ አንድ ቀንድ የጎደላት።
ድርቆሿን ልትቀማ ሄድህ እንደ ልማድህ፤
አንዴ ብቻ ጎንህን መታችና ጣለችህ።
ከዚያ ወደ መብሏ።
ቂም የለ፣ ዛቻ የለ፤ ማኘክ ብቻ።
በስድሳ ስምንት ዓመቴ
ቆሜ አየኋት፣ ባልዲውን ይዤ።

የዚያን ማታ የቪንኮን ፎቶ ተቆጣሁት፤
ደረቱን ሲያመው ምነው ደበቀኝ? ጮክ ብዬ ጠየቅሁት።
ከዚያ ሻይ አፈላሁ።

ጥቅምት ላይ ኔዣ መጣች፣ ቅርጫቷን ይዛ፤
በሩ ላይ ቆመች፤ አልሸሸችም፤ ፊቷ ብቻ ወዛ።
አንገትህን ዝቅ አረግህ።
እኔም ቆምሁ፣ መዳፌን ኪሴ ውስጥ ጨብጬ፣
ይበላኛል እኮ እስካሁን።
አሸተትሃት። ዞርህ።
ጎንህን አጥሩ ላይ አከክህ።

አሥራ ሁለት እንቁላል ሰጠኋት።
ቤቷ ስትደርስ ቆጠረች አሉ፤
አሥራ ሁለት።